ጂንሰንግ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን የደም ስኳር በእርግጥ ይቀንሳል? ሐዋሳ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሃይቅ ዳር (ጥያቄውን ያቀረበችው)

እንደምን ዋላችሁ። የምጠይቀው ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ከቁርስ በፊት ደግሞ ግሊበንክላማይድ ይወስዳሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለኩ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ130 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ነው። ምሳ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለኩ ግን ከ200 አልፎ የሚገኝባቸው ቀናት ይበዛሉ፤ በተለይ ቆጮ በተበላ ቀን።

ደቡብ ኮሪያ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ለዕረፍት ሲመጣ «ቀይ ጂንሰንግ» የሚባል፣ በትናንሽ ከረጢቶች የታሸገ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይዞላቸው መጣ። ከምግብ በፊት ቢጠጡት ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር እንደሚያወርድላቸው፣ እዚያ አገር ያሉ አዛውንቶችም እንደሚጠቀሙበት አስረድቷቸዋል። አባባ ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾችን ታሪክ እየሰሙ ያደጉ ሰው በመሆናቸው ከኮሪያ የመጣ ነገር በእሳቸው ዘንድ የተለየ ክብር አለው፤ ስለዚህ «አይጠጡ» ብሎ ማስቀረቱ ቀላል አይደለም። እኔም ያለ በቂ ምክንያት ልከለክላቸው አልፈልግም። ማወቅ የምፈልገው ይህ ነገር በጥናት የተረጋገጠ መሆኑን፣ ከተረጋገጠም ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ጋር ስለሚኖረው ግንኙነትም ነው። እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

የታቦር መምህር

እኅቴ፣ የጠየቁት ነገር በሰው ላይ ከተጠኑት ጥቂት የዕፅዋት ጉዳዮች አንዱ ስለሆነ መልስ አለው፤ መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ተብሎ የሚያልቅ አይደለም።

መጀመሪያ ተክሉን እንለይ። በገበያ ላይ ጂንሰንግ የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ሥሮች ይሰጣል፤ በስኳር ጥናቶች ውስጥ ዋነኞቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ በኮሪያና በሰሜን ምሥራቅ ቻይና የሚበቅለው የእስያ ጂንሰንግ፣ ሌላው በካናዳና በአሜሪካ የሚበቅለው የአሜሪካ ጂንሰንግ ነው። ቀይ ጂንሰንግ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ተክል አይደለም፤ የእስያው ሥር በእንፋሎት በስሎ ሲደርቅ የሚያገኘው መልክ ነው። የሳይቤሪያ ጂንሰንግ የሚባለው ከሌላ ወገን የሆነ ተክል ነው። የህንድ ጂንሰንግ እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ እኛ ግዛዋ የምንለው ነው፤ ስለዚህ የግዛዋ ዱቄት ይዞ የጂንሰንግን ጥናት የሚጠቅስ ሻጭ ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለሌላ ተክል መሆኑን ዕወቁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዛሬ «ከምግብ በፊት ይወሰድ» የሚለው ምክር በአብዛኛው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2000 በቶሮንቶ ቭላዲሚር ቩክሳንና ባልደረቦቻቸው ካወጡት ጥናት ነው። የስኳር ሕመም የሌለባቸው 10 ሰዎችና ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው 9 ሰዎች በተለያዩ ቀናት አንድ ጊዜ 3 ግራም የአሜሪካ ጂንሰንግ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በመልኩ የሚመስለውን ባዶ ካፕሱል ይውጡና 25 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣሉ፤ ከዚያም ደማቸው በየጊዜው ይለካል። ካፕሱሉ አንዳንዴ ከግሉኮሱ 40 ደቂቃ ቀድሞ፣ አንዳንዴም ከግሉኮሱ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች ላይ በሁለቱም ሁኔታ አጠቃላዩ የስኳር ጭማሪ ወደ 20 በመቶ በሚጠጋ መጠን ቀንሷል። ጤነኞቹ ላይ የቀነሰው ግን 40 ደቂቃ ቀድመው ሲወስዱት ብቻ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስኳር የሌለበት ሰው ቢወስደው ሳያስበው ስኳሩ እንዳይወርድበት ከምግብ ጋር መሆን እንዳለበት አሳስበዋል። ሻጮች የሚያነሡት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ ይህን ማሳሰቢያ ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ነገሩን አወሳሰበው። መጠኑን ወደ 6 እና 9 ግራም ከፍ ማድረግ ከ3 ግራም የበለጠ ውጤት አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ያው ቡድን ከሌላ ምርት የተገኘ የአሜሪካ ጂንሰንግ በተመሳሳይ አሠራር ሲሞክር ስኳሩ አልቀነሰም፤ ያኛው ምርት ጂንሰኖሳይድ የሚባሉት የሥሩ ንጥረ ነገሮች ያነሱበት እንደነበረም ተገኝቷል። በዚያው ዓመት አካባቢ የእስያውን ጂንሰንግ በጤነኞች ላይ ሲሞክሩ ደግሞ ጥርት ያለ የመቀነስ ውጤት አልታየም። ስለዚህ አንድ ተክል፣ አንድ ቡድን፣ አንድ ዓይነት አሠራር ሆኖ እንኳ ውጤቱ ከምርት ምርት ይለያያል ማለት ነው።

ለአባትዎ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኮሪያ ቀይ ጂንሰንግ ጥናት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው 19 ሰዎች ከመድኃኒታቸው ሳይለዩ ከእያንዳንዱ ምግብ 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ 2 ግራም፣ በቀን 6 ግራም፣ ለ12 ሳምንታት ወሰዱ። የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ምርመራ አልተለወጠም። ግሉኮስ ጠጥተው ሲመረመሩ ግን የስኳራቸው መጠን ከ8 እስከ 11 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከመጀመሪያውም ስኳራቸው በደንብ የተያዘ ሰዎች ስለነበሩ አማካዩ አለመለወጡ እምብዛም አያስገርምም፤ ቢሆንም ከ8 እስከ 11 በመቶ የሚለውን ቁጥር በአእምሮዎ ይያዙት። ከ220 ላይ 10 በመቶ ቢቀነስ 198 ነው።

በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የተሠራ ጥናት ክብደታቸው የጨመረና ስኳራቸው መዛባት የጀመረ ሰዎች ላይ ጂንሰንግም ሆነ ከእሱ የተለየ አንድ ንጥረ ነገር የኢንሱሊንን አሠራር እንዳላሻሻለ ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 16 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር በአማካይ በእኛ መለኪያ አነጋገር ከ6 ባነሰ ቁጥር ብቻ እንደቀነሰና የሦስት ወሩ አማካይ እንዳልተለወጠ ደምድሟል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከምግብ በኋላ በሚለካው ስኳር ላይ አንድ ትንሽ ነገር ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ ነው፤ በምርቱ ዓይነት ይወሰናል፤ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይም የተሞከረ ነው።

ሞኖፖል ሰፈር

መምህር፣ ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሰው በገዛ ሰውነቱ ያየውን ነገር የውጭ አገር ወረቀት ሊያስክደው አይገባም እላለሁ። እኔ ጂንሰንግ የተቀላቀለበት ቡና በሰው ምክር ከጀመርኩ ወዲህ ከምግብ በኋላ የሚለካው ስኳሬ በግልጽ ወርዷል። ቀድሞ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ እጠጣ ነበር፤ አሁን በእሱ ፈንታ ያለ ስኳር የምጠጣው ይህንኑ ቡና ነው። ሰውነቴም ቀሎኛል፤ ማታ ማታ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ቀድሞ ይህን ማድረግ ይከብደኝ ነበር። ሐኪሜም በመጨረሻው ቀጠሮዬ ውጤቱን አይቶ ተደስቷል። ለእኅታችን የምመክራት አባታችን ይሞክሩት፣ ውጤቱን በዓይናቸው ይዩት ነው።

ፋርማሲስት ከመናኸሪያ

ስኳርዎ መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ የማከራክረው ያወረደው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። እርስዎ እንደጻፉት ባለ ስኳር ማኪያቶውን ትተዋል፤ ከእራት በኋላም መራመድ ጀምረዋል። ሁለቱም ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር እንደሚቀንሱ ያለ ጥርጥር የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ጂንሰንጉ የድርሻውን ያህል አስተዋፅኦ ቢያደርግ እንኳ ከእነዚህ ሁለቱ ለይቶ ማየት አይቻልም። ቡናው ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያሉት በፓኬት የሚሸጡ ቅልቅሎች ውስጥ ስንት ግራም ጂንሰንግ እንዳለ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ጥናቶቹ ደግሞ የሚናገሩት በግራም ስለሚቆጠር ሥር ነው።

ለእኅታችን ጥያቄ በሙያዬ የምለውን ልጨምር። እኔን የሚያሳስበኝ ጂንሰንጉ አለመሥራቱ አይደለም፤ ከግሊበንክላማይድ ጋር ተደምሮ ሊሠራ መቻሉ ነው። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊበንክላማይድ ግን ሰውየው ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ስለሆነ ምግብ በዘገየ ወይም ባነሰ ቀን ስኳሩን ከ70 በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ዕድሜያቸው የገፋና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ደግሞ መውረዱ ረዘም ላለ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ «ከምግብ 40 ደቂቃ በፊት» የሚለውን ምክር ቤታችን ካለው ሁኔታ ጋር አስተያዩት። ጂንሰንጉ ተወስዶ ምሳው በእንግዳ ምክንያት ወይም በሌላ ጉዳይ አንድ ሰዓት ቢዘገይ፣ ጠዋት የተወሰደው ግሊበንክላማይድም በደም ውስጥ እየሠራ ከሆነ፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብና መዋዠቅ ሊመጣ ይችላል። ያ ምልክት ከታየ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር፣ ማለትም ወደ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ማቅጠኛ ነው። በአገራችን የልብ በር ችግር ኖሮባቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የአሜሪካ ጂንሰንግ የዋርፋሪንን ሥራ እንደሚያዳክም ታይቷል። አባትዎ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ አልጻፉም፤ ነገር ግን ይህን ክር የሚያነብ ሌላ ሰው ይኖራልና መነሣት አለበት። እንቅልፍ ማጣትና ራስ ምታትም ጂንሰንግ ከሚወስዱ ሰዎች የሚሰሙ ቅሬታዎች ናቸው።

ሦስተኛው ስለ እሽጉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በየዕለቱ መደብሩ ውስጥ የሚያጋጥመኝ ነው። ጂንሰንግ በደረቅ ሥር፣ በካፕሱል፣ እንደ ማር በወፈረ ጭማቂ፣ በቀጠነ ፈሳሽ ከረጢት፣ በሚሟሟ ሻይ፣ እንዲሁም ተቆራርጦ በማር ውስጥ በተቀመጠ መልክ ይመጣል። የሚሟሟው ሻይ ብዙ ጊዜ አብዛኛው ክብደቱ ስኳር ነው። በማር የተቀመጠው ስኳር ስለመያዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፈሳሹ ከረጢት አንዳንዱ ንጹሕ የሥር ጭማቂ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለጣዕም ማር፣ ፍራፍሬ ወይም ሌላ ማጣፈጫ ተጨምሮበታል። እኅቴ፣ የአባትዎን እሽግ ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሥተው በመተርጎሚያ መተግበሪያ ያንብቡትና ውስጡ ያለውን እዚህ ይጻፉልን።

በመጨረሻም «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚሉ ወንድሞቼ አንድ የተመዘገበ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንጋፖር የስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነሱ መካከል 4ቱ ሞቱ። ሲጣራ ለወንድ ብርታት እየተባሉ በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ሳይገለጽ ግሊበንክላማይድ ተቀላቅሎ ተገኘ። ይህን የምጽፈው የአጎትዎ ልጅ ያመጣው እሽግ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም፤ የታወቀ ድርጅት ያሸገው ከሆነ ከዚህ ሥጋት የራቀ ነው። የምሰጋው ምንጩ ባልታወቀ መንገድ፣ በእጅ በእጅ ስለሚሸጠው ነው፤ «በሦስት ቀን ስኳር ያወርዳል» የተባለ ዱቄት በእርግጥ በሦስት ቀን ካወረደ ደስ ከመሰኘት አስቀድሞ ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሃይቅ ዳር

በጣም አመሰግናለሁ። እሽጉን እንደተባለው በስልክ አነበብኩት። የተጻፈው የቀይ ጂንሰንግ ጭማቂ፣ ውኃ፣ እንዲሁም የተምር ፍሬና የማር ቅልቅል ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ያለው የስኳር መጠን 5 ግራም ተብሎ ተቀምጧል፤ የጂንሰንጉ መጠን ግን በመቶኛ ብቻ ስለተገለጸ በግራም ስንት እንደሆነ አልገባኝም። አባባ ዋርፋሪን አይወስዱም፤ ለደም ግፊት የሚወስዱት ክኒን አለ። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አባባ መሞከሩን ከልባቸው ይፈልጋሉ። ሐኪማቸው ቢፈቅድ፣ መሥራቱንና አለመሥራቱን በቤት ውስጥ በመለኪያ ማወቅ እንችላለን? ስትሪፕ (በየልኬቱ የደም ጠብታ የሚነካበት የመለኪያው ወረቀት) ውድ ስለሆነ በከንቱ ማባከን አንፈልግም።

ነርስ ነኝ

በስኳር ክትትል ክፍል ስለምሠራ ይህን ጥያቄ እኔ ልመልሰው። ማወቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው በሚያደርገው መንገድ ግን አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ሳይወስድ ለክቶ 215 ያገኛል፤ በሌላ ቀን ወስዶ ለክቶ 180 ያገኛል፤ «ሠራ!» ይላል። ችግሩ የቤት መለኪያው ራሱ ፍጹም አለመሆኑ ነው። ለእነዚህ መሣሪያዎች በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን መለኪያው እስከ 15 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ቢስት እንደ ብቁ ይቆጠራል። ይህ ማለት እውነተኛው ስኳር 200 ሆኖ ሳለ መሣሪያው 172 ወይም 228 ቢያሳይ መሣሪያው ተበላሽቷል አይባልም። የታቦር መምህር የጠቀሱት የቀይ ጂንሰንግ ለውጥ ከ8 እስከ 11 በመቶ ነው፤ መለኪያው ራሱ ከሚስተው ያነሰ ማለት ነው። በአንድ ልኬት እንዲህ ያለ ለውጥ ማየት አይቻልም፤ አየሁ የሚል ሰው ያየው ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ የሚከተለውን አሠራር እመክራለሁ። አንድ ምሳ ይመረጥ፤ በየቀኑ በቀላሉ ሊደገም የሚችል፣ ለምሳሌ አንድ እንጀራ በምስር ወጥ ከጎመን ጋር። መጠኑ እንዳይለያይ እንጀራውን በግማሽ ወይም በሩብ ቆርጦ ማስቀመጥ ይሻላል፤ «ትንሽ ጨምርልኝ» ከተባለ ያ ቀን አይቆጠርም። ያንኑ ምሳ በያንኑ ሰዓት በተለያዩ ቀናት አንዳንዴ ከጂንሰንግ ጋር፣ አንዳንዴ ያለ ጂንሰንግ መብላት፣ ከምግቡ በፊት እና ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ መለካት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ እንጂ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ አይደለም፤ በእኛ ቤት አንድ ምሳ ከቡናው ጋር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ታውቃላችሁና ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የሚታየው ደግሞ የሁለተኛው ልኬት ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ጭማሪ ነው። በየወገኑ በርካታ ቀናት ተሰብስበው አማካያቸው ሲነጻጸር ምናልባት አንድ ነገር ይታይ ይሆናል። ስትሪፑ ይህን ያህል አይበቃም ካላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባትጀምሩት ይሻላል፤ በሁለት ስትሪፕ የተገኘ መልስ የሚያሳስት መልስ ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ከመለካት በፊት እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በደንብም ይድረቅ። ማንጎ ወይም ሙዝ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ መለኪያው በደም ውስጥ የሌለውን ስኳር ይቆጥራል፤ በማንጎ ወቅት ተደናግጠው ወደ ክፍላችን የሚመጡ ሰዎች አሉ። እንዲሁም በሙከራው ቀናት የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከቶ አይለወጥ። ጂንሰንግ ጀምሬያለሁ ብሎ ግሊበንክላማይዱን በራሱ ፈቃድ የሚቀንስ ሰው አለ፤ ይህን ያደረጉ ታካሚዎች ከ300 በላይ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ።

ስለ ጾም ማንም አላነሣም፤ እኔ ላንሣው። አባትዎ ጿሚ ከሆኑና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ጂንሰንጉን በጾም ቀን ፈጽሞ አይሞክሩት። ጠዋት ግሊበንክላማይድ ተወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ያለ ጂንሰንግም አደገኛ ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪም ጋር፣ የጾሙ ሁኔታ ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታደርገውን አስተያየት ብዙ አባቶቻችን እያወቁ አይጠቀሙበትም።

አቶቴ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አብሽና ሽፈራው በደጃችን እያሉ ከኮሪያ በሚመጣ ሥር መጨነቅ ለምን አስፈለገ? አብሽ በውኃ ተዘፍዝፎ ጠዋት ቢጠጣ ይበቃል።

የታቦር መምህር

አቶቴ፣ አብሽን እኔም አከብረዋለሁ፤ ከምግብ በኋላ ስኳርን እንዴት ሊቀንስ እንደሚችልም ከጂንሰንግ ይልቅ ግልጽ ነው። ፍሬው ውኃ ሲነካው እንደ ሙጫ የሚሆን ቃጫ አለው፤ ያ ሙጫ በአንጀት ውስጥ ምግቡን ከብቦ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ከዚህ የተነሣ ተዘፍዝፎ ፍሬው ተጥሎ ውኃው ብቻ ቢጠጣ ዋናው ነገር ፍሬው ጋር ይቀራል። ሽፈራውን በተመለከተ በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ገና ጥቂት ናቸው፤ በደቡብ ስለሚወደድ ብቻ ከጂንሰንግ የተሻለ ማስረጃ አለው ማለት አንችልም። ሁለቱም ግን ከግሊበንክላማይድ ጋር ሲደመሩ ፋርማሲስቱ ያነሡት ጥንቃቄ አይቀርላቸውም።

እስካሁን ካልተነሣው ውስጥ ግን ለአባባ ዋናው የሚመስለኝ ምሳው ራሱ ነው። የቶሮንቶው ሙከራ 25 ግራም ግሉኮስ በውኃ ነበር፤ ይህም ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጋ ነው። ቆጮ ወይም ሁለት እንጀራ የሚሰጠው የካርቦሃይድሬት መጠን ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ በአብዛኛውም ስታርች ነው። በ25 ግራም ላይ የታየ ትንሽ ቅነሳ ሙሉ ማዕድ ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚቀር መገመት አይከብድም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 በኒውዮርክ ሜትፎርሚን በሚወስዱ 11 ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ምንም ሳይጨመርና ሳይቀነስ የምግቡን ቅደም ተከተል ብቻ ለወጠ፤ አትክልቱና ሥጋው ቀድሞ ተበልቶ ዳቦው ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲበላ፣ ዳቦው ከቀደመበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ሰዓት በኋላ የተለካው ስኳር ከአንድ ሦስተኛ በላይ ዝቅ ብሏል። ያም ትንሽ ጥናት ነው፤ ነገር ግን የለውጡን መጠን ከቀይ ጂንሰንጉ 10 በመቶ ጋር አስተያዩት።

በእርግጥ የእኛ ገበታ ለዚህ አይመችም፤ ወጡ የሚነሣው በእንጀራው ነውና እንጀራውን ለኋላ አቆዩት ማለት እጃችሁን ለኋላ አቆዩት እንደማለት ነው። ሆኖም መንገድ አለው። ጎመኑ፣ ሰላጣው ወይም የሐይቃችን ዓሣ በሳህን ለብቻው ቀድሞ ይቅረብ፤ አባባ በማንኪያ ወይም በሹካ ጥቂት ይብሉ፤ እንጀራው ወይም ቆጮው ከዚያ በኋላ፣ መጠኑም ተቀንሶ ይምጣ። ክትፎ በሚበላበት ቀን አይቡና ጎመኑ ቀድመው ቢበሉ ቆጮው ራሱ ያንሳል።

ስለ መራመድ ሞኖፖል ሰፈር ሳያስበው ጥሩ ምስክርነት ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዚላንድ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው 41 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል፤ ከእያንዳንዱ ዋና ምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ፣ በቀን ውስጥ በፈለጉት ሰዓት 30 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ከመራመድ ይልቅ ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር በአማካይ በ12 በመቶ፣ ከእራት በኋላ ያለውን ደግሞ በ22 በመቶ ቀንሷል። የደቂቃው ድምር እኩል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ነው።

ሞኖፖል ሰፈር

እኔ ቡናዬን አልተውም፤ መራመዱን ግን ከምሳ በኋላም እጨምርበታለሁ። ለፋርማሲስቱ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የጻፉትን ስመለከት የእኔ መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ለእኔም ያ ሥጋት አለ?

ፋርማሲስት ከመናኸሪያ

ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ የመውረድ ሥጋቱ በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪምዎ ቡናውን እንደሚጠጡ ይንገሩት፤ ፓኬቱንም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሳያውቅ ስኳርዎ በሌላ ምክንያት ቢለዋወጥ የመድኃኒቱን መጠን በተሳሳተ ግምት ሊለውጠው ይችላል። ለወደፊት መድኃኒትዎ ላይ ግሊበንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ኢንሱሊን የተጨመረ ዕለት ግን መልሴ ለእኅታችን ከሰጠሁት የተለየ አይሆንም።

ለእኅታችን ደግሞ ስለ እሽጉ፤ በአንድ ከረጢት 5 ግራም ስኳር ካለ በቀን ሦስት ጊዜ ሲጠጣ 15 ግራም ይሆናል። ይህ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ለማንሣት ከምንሰጠው መጠን ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አባባ የግድ ይሞክሩት ከተባለ ስኳርና ማር የሌለበት፣ የሥሩ መጠን በግራም የተጻፈበት ካፕሱል ቢሆን ይሻላል። የመጣውን ከረጢት የስኳር ሕመም የሌለበት የቤተሰብ አባል ይጠጣው፤ እሱም ከምግብ ጋር።

ሃይቅ ዳር

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አባባን ቁጭ አድርጌ የከረጢቱን ስኳር ነገር አነበብኩላቸው፤ «ኮሪያ ድረስ ሄዶ ማር ነው ያመጣልኝ?» ብለው ሳቁ። እንግዲህ የተስማማነው በሚቀጥለው ቀጠሮ እሽጉን ለሐኪማቸው ሊያሳዩ ነው፤ እስከዚያው አይከፈትም። ምሳውን በተመለከተ እናቴ ጎመኑንና ዓሣውን ቀድማ ለብቻው ማቅረብ ጀምራለች፤ አባባ ያለ እንጀራ መብላቱ አልተመቻቸውም፤ ይሁን እንጂ ይቀበላሉ። ነርሷን ልጠይቅ፤ በቅደም ተከተሉ ለውጥ ላይም ልኬቱን በተመሳሳይ አሠራር ብናደርገው ይሠራል?

ነርስ ነኝ

ይሠራል፤ እንዲያውም ለውጡ ከጂንሰንጉ የሚበልጥ ከሆነ በጥቂት ስትሪፕ ለማየት ይቀላል። ያው ምሳ፣ ያው መጠን፣ ያው ሰዓት ይሁን፤ አንዳንዱን ቀን እንጀራው አብሮ፣ አንዳንዱን ቀን እንጀራው ዘግይቶ ይቅረብ። የኒውዮርኩ ጥናት ትልቁን ልዩነት ያየው አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ስትሪፕ ከተረፋችሁ ከመጀመሪያው ጉርሻ አንድ ሰዓት በኋላም ለኩ። እንጀራው በዘገየበት ቀንም ቢሆን ሰዓቱን የምትቆጥሩት ጎመኑ ከተጎረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ቁጥሮቹን ከቀኑና ከምግቡ ጋር በደብተር ጽፋችሁ ለቀጠሮው አምጡት፤ ሐኪሙ ግሊበንክላማይዱን በሌላ መድኃኒት መለወጥ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው በዚያ ደብተር ላይ ተመርኩዞ ነው።